በካራ በኩል እንሂድ

የእድራችን ዳኛ ሾላ ገበያ ሲልኩኝ አንድ ቃል ብቻ ነው ያሉኝ፦ «ይዘሃት ና፤ እንዳታውቅ።»

ከኔ በላይ ባለው ፎቅ የምትኖረውን በርበሬ ነጋዴ ነው። ልጇ ትራፊክ ፖሊስ ነበር። ያን ቀን ከቀትር በፊት፣ ሲኤምሲ መንገድ ላይ ቆሞ መኪና ሲያስተናብር፣ ፍሬን እምቢ ያለው ገልባጭ ገጨው፤ ወዲያው አረፈ። መርዶ ደግሞ በኛ ወግ ማለዳ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ባለበት። እናት ገበያ መሃል ሰምታ ብትወድቅስ?

«ምነው ጋሼ፣ በደህና ነው?» አለችኝ ገና ስታየኝ።

«በደህና ነው። እዚህ ጉዳይ ነበረኝ፤ አብረን እንግባ ብዬ ነው።»

በዚህ ዕድሜ መዋሸት ምላስ ያደርቃል።

መገናኛ ስንደርስ ጭንቁ ባሰ። የካ አባዶ በሁለት በኩል ይገባል፤ ወይ በካራ፣ ወይ በሲኤምሲ። በሲኤምሲ ከሄድን እሱ የሚቆምበትን ማለፋችን ነው። ሁልጊዜ ስታልፍ በመስኮት እጇን ታውለበልብለታለች፤ እሱም ሰው ፊት እያፈረ በፊሽካው አጠር አድርጎ ይመልስላታል።

«ዛሬ በካራ በኩል እንሂድ» አልኳት።

ትኩር ብላ አየችኝ። «ልጄን ሳላየው?» አለችና ቀድማኝ የሲኤምሲው ታክሲ ውስጥ ገብታ መስኮቱን ያዘች።

ረዳቱ ያውቃታል። «ማዘር፣ ለልጅዎ ይንገሩልን እንጂ! አንድ ትርፍ ብንጭን ምን አለበት?»

«እኔን ራሴን ትርፍ ሆኜ ቢያገኘኝ ታክሲውን ቀጥቶ በእግሬ ነው የሰደደኝ» አለችው። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ጥርሴን አሳየሁ።

ሾፌሩ ሬዲዮ ከፈተ። ዜና ሊጀምር ሲል «ልጄ፣ ራሴን አሞኛል፣ ዝጋልኝ» አልኩት፤ ዘጋልኝ። ወዲያው የእሷ ስልክ ጮኸ። ከደረቷ አውጥታ አየችው። እጄን ጉልበቴ መሃል ደበቅኩት። አላነሳችውም፤ መልሳ ከተተችው።

ደረስን። ሌላ ትራፊክ ቆሟል። የተሰባበረው መስታወት ወደ አስፋልቱ ዳር ተጠርጓል።

«ዛሬ የለም! ተገላገልን!» አለ ረዳቱ። ምን ያውቃል፣ የሰው ልጅ።

እሷ ግን እንደ ወትሮዋ እጇን በመስኮት አውጥታ አውለበለበች። ሰውየው ለያት። ፊሽካውን አፉ ላይ እንዳደረገ መንፋት አቃተውና ፊቱን አዞረ።

«ዛሬ ተራው አይደለም መሰለኝ» አልኩ።

«ይሆናል» አለች። እኔም እስከ ሰፈር፣ አሁን ትጠይቀኛለች፣ አሁን ትጠይቀኛለች እያልኩ ቤቷ አደረስኳት።

ማለዳ የእድሩን ሽማግሌዎች ተከትዬ ደረጃውን ወጣሁ። ማን ይናገር፣ ማን ይያዛት እየተባባልን ገና ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ወንበሩን ሁሉ አውጥታ፣ ፍራሹን መሬት አንጥፋለች።

«በካራ እንሂድ ሲሉኝ ነው ሆዴ ያወቀው» አለችኝ።

«ታዲያ ምነው በሲኤምሲ በኩል ሄድሽ?»

«የቆመበትን ሳላይ እንዴት ልቅር፣ ጋሼ?»

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ሲሉ በእጇ አስቆመቻቸው።

«እሳቸው ይንገሩኝ» አለች፣ ወደኔ እያየች።

ነገርኳት። የጮኸችው ያኔ ነው።