«ወድቃ ነው» አለችኝ

ካርቱም በጦርነት ከመፍረሷ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ዴም ሰፈር ወዳለችው ባለሁለት ክፍል የጥርስ ክሊኒኬ ዐማራት ከሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንዲት እመቤት ሠራተኛዋን ይዛ መጣች። ሴትዮዋን አውቃታለሁ። ለሰፈራችን ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ ለምሰጠው ሕክምና መድኃኒትና ጓንት የሚያቀርበው የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ናት። ቤቷ ተጋብዤ በልቻለሁ፤ ልጆቿን አክሜያለሁ። ልጅቷን ግን አይቻት አላውቅም። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። አፏን በፎጣ ይዛ በሩ ሥር ቆመች፤ ወንበር እያለ አልተቀመጠችም።

«ወድቃ ነው» አለችኝ ሴትዮዋ በዐረብኛ። «መታጠቢያ ቤት አዳልጧት። እነዚህ ሐበሾች ሲራመዱ እግራቸውን አያዩም፣ ዶክቶራ።»

ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ፎጣውን ሳነሣው ሽታው ቀድሞ ወጣ። ከሁለቱ የፊት ጥርሶቿ አንዱ ከሥሩ ተሰብሯል፤ ሌላው ወደ ላንቃዋ ታጥፎ ድዷ ውስጥ ተቀርቅሯል። ከንፈሯ በውስጥ በኩል ተሰንጥቆ መግል ቋጥሯል። ቁስሉ ቀናት ያለፉት ነው። ቅርንፉድ ጠቅጥቃበት ቅርንፉዱ ከመግሉ ጋር ቦክቷል። እኔ እንዲህ ያለውን ለምጄዋለሁ፤ አይቼው ስጨርስ እጄን ታጥቤ ምሳዬን እበላለሁ። ያስጠላኝ ከኋላዬ የመጣው ድምፅ ነው። ሴትዮዋ ሰንደል ሰንደል የሚሸተውን የተጠቀለለችበትን ቶብ ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ይዛለች።

«ቤቱን አከረፋችው። ልጆቼ እሷ የነካችውን አንበላም አሉኝ። ቶሎ ንቀይላትና እንሂድ፤ እንግዳ አለብኝ።»

እናቴ የወሎ ሰው ናት፤ አባቴ ሱዳናዊ ነበር። መልኬም ስሜም የአባቴ ነው። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት «ሐበሺያ» እየተባልኩ ካለቀስኩ ወዲህ አማርኛዬን ከቤት አላወጣሁትም። ያን ሁሉ ዓመት ስንቷን የእናቴን አገር ልጅ ሳክም አንዲቷን እንኳ በቋንቋዋ «አይዞሽ» ብያት አላውቅም። ይህን ሳስብ ዛሬም ራሴን እጸየፋለሁ። ያን ቀን ግን ማደንዘዣውን እየወጋኋት ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አልኩ።

«ማነው የመታሽ?»

ዓይኗ ፈጠጠ። ወደ ሴትዮዋ አየች፤ ከዚያ አፏ እየተያዘ «እሷ ናት» አለችኝ። «በዘነዘና። ፓስፖርቴን ስጪኝ ብላት።»

«ምን አለችሽ?» አለች ሴትዮዋ። ወዲያው ነቃችና «እንዴ፣ ቋንቋቸውን ትችያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የእናቴ ቋንቋ ነው።»

ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው። «ወላሂ አትመስዪም! ማሻአላህ፣ ጭራሽ አትመስዪም!»

ማሞገሷ ነበር። አፌን የሞላውን ምራቅ በሽተኞች የሚተፉበት ሳህን ላይ ተፋሁት፤ ሰው ፊት እንዲያ አድርጌ አላውቅም።

ሁለቱንም ጥርሶች ማዳን አልቻልኩም። ነቀልኳቸው፣ ቁስሉን አጠብኩና «እዚህ ታድራለች፤ ነገ ደግሜ ማየት አለብኝ» አልኳት። ሴትዮዋ ሰዓቷን አየች፤ ሾፌር እልካለሁ ብላ ሄደች። ቤታችን ከክሊኒኩ ጀርባ ነው። እናቴ ልጅቷን አጥባ፣ ሾርባ አቅጥና በማንኪያ ስታጠጣት አመሸች።

ሱዳን ውስጥ ሰው ተደብድቦ ሲመጣ ሐኪም የሚሞላው የፖሊስ ወረቀት አለ፤ ኦርኒክ ይሉታል። በማግስቱ ጧት ልጅቷን በባጃጅ ጣቢያ ወስጄ ወረቀቱን አወጣሁላት። ጣቢያው ለነሴትዮዋ ደውሎ ኖሮ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በሾፌሩ ፈንታ ሦስት ወንዶች አንድ ካርቶን ሐላዋ የሚሉትን ጣፋጭ ተሸክመው ቤታችን መጡ። አንዱ የሴትዮዋ ባል ወንድም ነው። አንዱ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። ሦስተኛው ልጅቷን እዚያ ቤት ያስገባት የእናቴ አገር ሰው የሆነ ደላላ ነው።

«የቤት ነገር ነው፣ ልጄ» አሉኝ ሽማግሌው። «ወድቃ ነው ብለሽ ጻፊና ይብቃ። የቅዳሜው ሥራሽም እንዳይቋረጥ። ሕጻናቱን አስቢ።»

በሕጻናቱ አሳበው ሲለምኑኝ እጃቸውን አየሁት፤ ሐላዋውን ከፍተው እየበሉ ነው። ጣታቸውን ይልሳሉ።

ደላላው ወንበሩን ወደኔ አስጠጋና በአማርኛ ጀመረ። «እህቴ፣ የራሳችንን ገመና አናውጣ። ባይሆን ይቺን እኔ እወስዳታለሁ። ለማዳሟ ሌላ አመጣላታለሁ፣ ጥርሷ ሙሉ የሆነች።»

በራሱ ቀልድ ሳቀ። ድዱ ጥቁር ነው፤ እስከ ዛሬ ያ ድድ ይታየኛል። ባሌን አየሁት። ደግ ሰው ነው፤ ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም። እሱም ምንጣፉን እያየ «ምክንያቱ አልታወቀም ብለሽ ብትጽፊስ?» አለኝ። በትዳራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎኔ መቀመጡ ቀፈፈኝ።

እናቴ ይህን ሁሉ ከመጋረጃው ኋላ ስትሰማ ቆይታ ወጣች። ካርቶኑን ከሽማግሌው ጭን ላይ አነሣችውና በዐረብኛ ተናገረች።

«እኔም ዐማራት ሠርቻለሁ። እኔም ወድቄ ነው ብዬ ነበር።»

ከዚያ ወደኔ ዞረች። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በግራ በኩል አራት የመንጋጋ ጥርስ ሠርቼላታለሁ። በምን ወለቁ ስላት ጉድጓድ ውኃ ስቀዳ ወድቄ ነው ብላኝ አምኛታለሁ። ሐኪም ነኝ፤ በመውደቅ እንዲያ እንደማይወልቅ ማወቅ ነበረብኝ።

«እውነቱን ጻፊ» አለችኝ በአማርኛ። ለሦስቱ ወንዶች ደግሞ «ያላ፣ ውጡ» አለቻቸው።

ጻፍኩ። በጠንካራ ዕቃ የተመታ፣ ሁለት ጥርስ የወለቀበት፣ ቀናት ያለ ሕክምና የቆየ ቁስል። ማኅተሜን አሳረፍኩበት።

ነገሩ ግን ፍርድ ቤት አልደረሰም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጣቢያ ተጠራን። መኮንኑ ለሴትዮዋ ሻይ አዞላታል። ልጅቷ ክሱን ካነሣች ፓስፖርቷን አሁኑኑ ትወስዳለች አለን። ልጅቷ ክንዴን ያዘችኝ።

«ዶክቶራ፣ አትቆጪኝ። እኔ አገሬን ነው የምፈልገው።»

«አልቆጣሽም» አልኳት። በምን አፌ እቆጣለሁ?

አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። ሴትዮዋ ተነሥታ ሁለት ጉንጯን ሳመቻት፤ መኮንኑ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ከዚያ ሴትዮዋ እጇን ወደኔ ዘረጋች። ጨበጥኳት። ለምን እንደ ጨበጥኳት አላውቅም፤ ልማድ ይሆናል። እጇ ለስላሳና እርጥብ ነበር። ቤቴ ገብቼ ስታጠብ ስታጠብ ሳሙናው አለቀ፣ የእጇ እርጥበት ግን አልለቀቀኝም።

ቁስሏ እስኪደርቅ ልጅቷ ከኛ ጋር ከረመች። ከልጆቼ ጋር ተኛች፤ ሁለት ጥርስ ሠራሁላትና መስተዋት ሰጠኋት። አየቻቸው፣ አልሳቀችም፤ ምላሷን እያስኬደች ደጋግማ ነካካቻቸው። በመተማ በኩል በአውቶቡስ አገሯ ገባች። ማኅበሩ ጓንቱንም መድኃኒቱንም አቆመ፤ እኔ ቅዳሜዬን አላቆምኩም። ባሌ ሳልጠይቀው ቅዳሜ ጧት እየተነሣ ለሕክምና የመጡትን ልጆች ማሰለፍ ጀመረ። ይቅርታ ማለቱ እንደሆነ ገባኝ፤ መቀየሜ ግን ቶሎ አልወጣልኝም።

ወራት ቆይቶ ሴትዮዋን ዴም ገበያ አገኘኋት። ከኋላዋ ዘንቢል የተሸከመች አዲስ ሐበሻ ልጅ አለች፤ ከቀድሞዋም ታንሳለች።

«ዶክቶራ! ጠፋሽ እኮ» አለችኝ እየሳቀች። ያ ሰንደል አፍንጫዬ ገባ።

በሴትዮዋ ትከሻ ላይ አሻግሬ ልጅቷን በአማርኛ፣ ገበያተኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ «እኅቴ» አልኳት፣ «ከዚህ መስጊድ ኋላ ሦስተኛው በር የጥርስ ሐኪም ቤት ነው። እናቴም እዚያው ናት። መስጊዱን አየሽው?»

ልጅቷ ዘንቢሉን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች፤ መስጊዱን አየች፤ ከዚያም በቀስታ ራሷን ነቀነቀች።