ኮቴ ሰሚዋ ሐኪም

በካፌያችን የሚወራውን ብታምኑ፣ ከጎሚስታው በላይ ያለችው የስፖርት ሐኪም በሽተኛ አትመረምርም። በሯን ዘግታ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች፣ የብረቱ ደረጃ ሲንኳኳ ታዳምጣለች፣ በቃ። ሰውየው ላይኛው ደረጃ ላይ ሳይደርስ የትኛው ጅማቱ እንደተጎዳ፣ የትኛው ቁርጭምጭሚቱ እንደዞረ፣ የታዘዘለትን እንቅስቃሴ ሠርቶ ይሁን ዋሽቶ ለይታዋለች። አንዲት ሯጭ ገና ከታክሲ ስትወርድ "ተረከዝሽ ነው" ተብላ ከመንገድ ተመልሳለች ይባላል። ድመት እንኳ ደረጃውን ወጥታ "የኋላ እግርሽ ላይ በረዶ ያዢበት" ተብላለች የሚል አለ። ይህን የሚያወራው የድመቷ ባለቤት ስለሆነ ትንሽ ቢያዳላ አይፈረድበትም።

እኔ ግን ወሬው አልዋጥ ብሎኛል። ጎሚስታው ከታች ቀኑን ሙሉ ቸርኬ በመዶሻ ሲደበድብ ይውላል። እዚያ ቤት የራሱን ሐሳብ የሚሰማ ሰው ከተገኘ እሱ ራሱ ተአምር ነው።

በረኛው ግን ቅንጣት አልተጠራጠረም። ጉዱም ከዚህ ይጀምራል።

በረኛው የምንለው በሥራው ታክሲ ነጂ፣ እሁድ እሁድ ደግሞ የሰፈራችን የአንጋፋዎች ቡድን ግብ ጠባቂ ነው። የዋንጫው ፍጻሜ ሲቃረብ ኳስ አድናለሁ ብሎ ወደቀና ግራ ጉልበቱ ተጣመመ። ግራ እግር ማለት ፍሪሲዮን የሚረግጠው ነው፤ እሱ እምቢ ካለ ታክሲዋም እምቢ አለች ማለት ነው። ሐኪሟ ጉልበቱን ይዛ ወዲህ ወዲያ አደረገችና፣

"ጅማቱ ተጎድቷል እንጂ አልተበጠሰም። ቢላ አያስፈልገውም" አለችው። "ግን የጭንህ ጡንቻ እስኪጠነክር ጎል ላይ አትቆምም። አሁን ብትዘልበት ይበጠሳል። ያኔ ለቀዶ ጥገና ነው የምልክህ፤ መሪ መያዝንም ለወራት ትረሳዋለህ።"

ቁርጭምጭሚቱ ላይ አስሮ ጠዋትና ማታ እንዲስበው ላስቲክ ሰጠችው። ከፍጻሜው በፊት ባለው ዓርብ መጥቶ እንዲታይም ቀጠረችው።

ላስቲኩ በማግስቱ የታክሲው የሻንጣ ማሰሪያ ሆነ።

"ምናለ ብትስበው?" አለችው ሚስቱ።

"ላስቲክ ምን ያድናል ብለሽ ነው?"

"እሱስ እውነትህን ነው። ወንድሜ ጎል ሲያገባብህ ይሻልሃል።"

ወንድሟ የተጋጣሚው ቡድን አጥቂ ነው። ማታ ማታ እየደወለ፣ "አማቼ፣ ጉልበትህ እንዴት ሰነበተ? በየትኛው ጎን ብመታው ይመችሃል?" ይለዋል። ከዚህ በኋላ እሁድ አለመጫወት ለበረኛው ከሞት አይሻልም ነበር።

ዓርብ ደረሰ። እግሩ ግን የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ እንኳ ሳያነክስ መውጣት አልቻለም። ካፌ ገብቶ ምክር ጠየቀ። መልሱ የመጣው ከቡድኑ ተከላካይ ነው። ቁም ሳጥን ብቻውን ተሸክሞ ፎቅ የሚያወጣ ዕቃ ጫኝ ነው፤ ግንቡ እንለዋለን።

"ኮቴ ነው አይደል የምትሰማው?" አለ ግንቡ። "የኔን ትስማዋ። የኔ ጤነኛ ነው።"

በረኛውን ጀርባው ላይ አዝሎ ደረጃውን ጀመረ። በረኛው ከተጎዳ ወዲህ የሚንቀሳቀሰው አፉ ብቻ ስለነበር ክብደቱ የአንድ ተቀያሪ ተጫዋች ያህል ጨምሯል።

"አትወዝወዝ" አለ ግንቡ። "ጤነኛ ሰው ሲወጣ አይንገዳገድም።"

"የምትንገዳገደው አንተ ነህ እንጂ።"

"ዝም በል። ደረጃ የሚወጣ ሰው ከራሱ ጋር አይጨቃጨቅም።"

ጎሚስታው መዶሻውን አንጠልጥሎ ቀና ብሎ ቀረ። ላይኛው ደረጃ ላይ ሲደርሱ የግንቡ ወገብ ቀጭ አለ። ሳያንኳኩ ከውስጥ ድምፅ መጣ፦

"ከታች ያለው ቀድሞ ይግባ፤ ወገቡን ነው። ከላይ ያለው ወርዶ ይጠብቅ።"

ግንቡ እንደ ተከፈተ መቀስ ተጎንብሶ አልጋው ላይ በደረቱ ተዘረጋ። በረኛው በተራው ከረጅሙ መስተዋት ፊት በግራ እግሩ ብቻ እንዲቆም ታዘዘ። ቆመ፤ ወዲያው ግን ጥግ የተሰቀለውን የፕላስቲክ አጽም እጁን ጨብጦ ተገኘ።

"ላስቲኩን ስትስብ ነበር?" አለች ሐኪሟ።

"ተስቧል።"

"ሻንጣ ላይ ነው ያሰረው ዶክተር" አለ ግንቡ፣ ፊቱ ትራሱ ውስጥ እንደሆነ።

"አንተ ከማን ጋር ነህ?" አለው በረኛው።

"ከወገቤ ጋር።"

ሐኪሟ አልሳቀችም። "እሁድ መጫወት ነው የምትፈልገው ወይስ ሰኞ መንዳት? ይህ ጉልበት ሁለቱን አይችልም" አለችው።

በረኛው የአማቹን ሳቅ አሰበ፤ ቀጥሎ ፍሪሲዮኑን አሰበ። የአጽሙን እጅ አጥብቆ ያዘ።

"ሰኞ" አለ በመጨረሻ።

እሁድ ጉልበቱ ላይ በረዶ ይዞ ከጎሉ ጀርባ ተቀመጠ፤ ግንቡም ቀና ማለት እያቃተው አጠገቡ። ጎሉን የጠበቀው ኳስ ሲመጣ ዓይኑን የሚጨፍን ፀጉር አስተካካይ ነበር፣ ስለዚህ ውጤቱ ይቅርባችሁ። አጥቂው ጎል ባገባ ቁጥር እየሮጠ መጥቶ፣ "ይሄ ላንተ ነው አማቼ" ይል ነበር። ሚስቲቱ ለወንድሟ አጨበጨበች። አጨብጭባ ስታበቃ ከታክሲው ሻንጣ የፈታችውን ላስቲክ ከቦርሳዋ አውጥታ የባሏ ቁርጭምጭሚት ላይ አሰረችው።

"ሳብ" አለችው።

ሳበ። ዛሬ ታክሲውንም ይነዳል፣ ጎሉንም ይጠብቃል፤ ደረጃውንም በገዛ እግሩ ይወጣል። የሐኪሟ ዝና ግን ከሱ ቀድሞ ወጣ፦ በተዘጋ በር፣ በአንድ ኮቴ ሁለት በሽተኛ ለየች ተባለ። በቀደም ወጥቼ ራሷን ጠየቅኋት።

"ዶክተር፣ በኮቴ ይለያሉ የሚባለው እውነት ነው?"

"በዚህ መዶሻ መሀል? እኔ ምንም አይሰማኝም። በሽተኛዬን እጠይቀዋለሁ፣ በእጄ እነካዋለሁ፣ አስነሥቼ አስኬደዋለሁ።"

"ድመቷስ?"

"ድመት አላውቅም።"

"እሺ በረኛው እንደታዘለ፣ ግንቡም ወገቡን እንደታመመ በተዘጋ በር በምን አወቁ?"

"በሩ ቤቱን ከተከራየሁ ጀምሮ ተዘግቶ አያውቅም፤ ማጠፊያው የተሰበረ ነው" አለች። "ሁለቱንም እያየኋቸው ነው የወጡት።"