ገላኔና የጋሼ ማሞ ኮሶ

ከሀና ማርያም እስከ ብስራተ ገብርኤል የሚወራው ይህ ነው፦ የክሊኒኩ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ገላኔ ዲንሳ ማይክሮስኮፗ ላይ ካጎነበሰች የሰገራውን ባለቤት በስሙ ትጠራዋለች። ያደረበትን ቤት፣ አብሮት የበላውን ሰው፣ አንዳንዶችማ የቀበሌ መታወቂያ ቁጥሩን ሳይቀር ታነባለች ይላሉ።

ለማመን ያስቸግራል። የመታወቂያ ቁጥሩን እንኳን ገላኔ፣ ራሱ የጻፈው የቀበሌው ጸሐፊም አያነበውም። ግን በ1988 ዓ.ም. የሆነው ሆኗል፤ ወሬው የተነሣውም ከዚያ ነው።

ገላኔ የላፍቶ ገበሬ ልጅ ናት። የአባቷን ላሞች እበት ስትዝቅ ስላደገች፣ የላቦራቶሪ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ሰገራ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከክፍሉ ሁሉ አፍንጫዋን ያልያዘች እሷ ብቻ ነበረች። መምህሩ እንኳን ይዘው ነበር። ክሊኒክ ከተቀጠረች ወዲህ ደግሞ ሰፈርተኛው ሰገራውን የያዘውን የክብሪት ቀፎ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲሰለፍላት፣ ለእንግዳ ሰው ቤቱ የክብሪት ማከፋፈያ ይመስል ነበር።

ጋሼ ማሞ የአንድ ፋብሪካ ምግብ ቤት ዋና ወጥ ሠሪ ናቸው። ወጥ ሠሪ በየስድስት ወሩ ተመርምሮ «ነፃ ነው» የሚል ወረቀት ካላመጣ ድስት አጠገብ አይደርስም። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ኮሶና አሜባ ተገኘባቸውና ጭልፋቸውን አስረክበው የሽንኩርት መጋዘን ጠባቂ ሆኑ። መድኃኒታቸውን ውጠው ተመለሱ፤ አሁንም ኮሶና አሜባ። ደግመው ዋጡ። ዕድሜውን ሙሉ ድምፁ ተሰምቶ የማያውቅ ሆዳቸው፣ ከመድኃኒቱ በኋላ ዳገት እንደሚወጣ የጭነት መኪና ማጓራት ጀመረ። በዚህ ላይ ፋብሪካው ደብዳቤ ጻፈ፦ ወረቀቱ እስከ ሰኞ ካልመጣ ጭልፋው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ዓርብ ጠዋት ጋሼ ማሞ ሦስተኛውን ክብሪት አስገቡ። ገላኔ አየችው። ያው የኮሶ እንቁላል፣ ያው አሜባ፤ ከመተዋወቃቸው ብዛት «ደህና አደርሽ» ሊሏት ምንም አልቀራቸውም። ሰውየውን አስጠራቻቸው።

«ጋሼ ማሞ፣ መድኃኒቱን በትክክል ውጠዋል?»

«ሚስቴ አፌ ውስጥ በባትሪ እያበራች ነው ያስዋጠችኝ!»

«ጥሬ ሥጋ የት የት ነው የሚበሉት?»

«እኔ? ጥሬ? ምን በወጣኝ! ሥጋ ሁለት ሰዓት ካልተንተከተከ አላምነውም። ከተፈጠርኩ ቀምሼ አላውቅም።»

ገላኔ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የከብት ሥጋ በጥሬው ያልበላ ሰው ይሄን ኮሶ ከየት ያመጣዋል? እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ይሄ የእርስዎ ነው?»

ጋሼ ማሞ ጣሪያውን አዩ። ወለሉን አዩ።

«የኢያቄም ነው» አሉ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ።

ኢያቄም የግድግዳ ጎረቤታቸው ነው፤ «የኔ ሆድ ሚስማር ይፈጫል» እያለ የሚፎክር። ጋሼ ማሞ የራሳቸውን ቢያስመረምሩ አንድ ነገር ይገኝብኛል ብለው ፈርተው፣ ከሰፈሩ አለ የተባለውን ሆድ መርጠው ተበደሩ። ኢያቄምም ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርጡን እየቆረጠ፣ በተጠየቀ ቁጥር ሳይሰስት ሰጣቸው።

«ታዲያ የሰው ትል መድኃኒት ለምን ዋጡ?»

«ወረቀቱ ላይ ያለው እኮ የኔ ስም ነው! ምናልባት እኔም ይኖርብኝ ይሆናል አልኩ።»

«ጋሼ፣ አንጀትዎ ውስጥ የሚያግዙዎ ደጋግ ጀርሞችም አሉ። የአሜባው መድኃኒት እነሱንም ያለ ጥፋታቸው ነው የፈጃቸው፤ ሆድዎ ቢጮህ ምን ይገርማል?» አለችና አንድ የፕላስቲክ ዕቃ ሰጠቻቸው። «ሽንት ቤቱ እዚያ ነው። አሁኑኑ፣ ትኩሱን።»

«ይሄ ሁሉ ሰው እያየኝ?»

«ኢያቄምን ላስጠራልዎ?»

ገቡ። አርባ ደቂቃ ቆዩ። ሰልፈኛው የራሱን ሕመም ረስቶ በሩ ላይ አፈጠጠ፤ «አይዞዎት ጋሼ!» የሚል ሁሉ ነበር። ሲወጡ ልክ ጎል እንዳገባ ሰው ተጨበጨበላቸው።

ገላኔ አየች። አዲስ አዘጋጅታ ደግማ አየች። ትል የለም፣ እንቁላል የለም፣ አሜባ የለም። «ነፃ» ብላ ስትጽፍ፣ ከሰልፉ መሃል አንዲት እናት እልልታቸውን አቀለጡት።

ሰኞ ጭልፋው ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። የዚያን ቀን ሦስት መቶ ሠራተኛ ትሪውን እንዲህ አጥርቶ ከመጥረጉ የተነሣ ዕቃ አጣቢዎቹ በጊዜ ወደ ቤታቸው ሄዱ ይባላል። የጋሼ ማሞ ሆድም መድኃኒቱን ሲተዉለት ውሎ አድሮ ዝም አለ። ኢያቄም በገዛ ስሙ ተሰልፎ ታከመ፤ የወጣለት ኮሶ፣ ሰፈሩ እንደሚለው፣ ከበሩ እስከ አስፋልቱ ይደርስ ነበር።

በሳምንቱ አንዲት ሴትዮ ክብሪታቸውን ከማስረከባቸው በፊት ወደ ገላኔ ጠጋ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ እንቁላሉን እንዳየሽ ‹ኢያቄም!› ብለሽ ጮኸሽ አሉ። እውነት ነው?»

ገላኔ ከማይክሮስኮፗ ቀና እንኳ አላለችም።

«ውሸት ነው። በዚህ ስምም፣ ቤትም፣ መታወቂያም አይታይም። ጋሼ ማሞን ‹ጥሬ ሥጋ ይበላሉ?› አልኳቸው፤ ‹አልበላም› አሉኝ። ሌላ ምንም አላወቅሁም።»