ለአያ መኪና የተሸከምኩት ቱርቦ

ወልድያ

ከወልድያ የተነሳሁት ማለዳ ነው። ጭኔ ላይ ቱርቦ፣ እግሬ መሃል ኢንተርኩለር ይዤ ነበር። ሁለቱንም ከአዲስ አበባ ያዘዛቸው ታላቅ ወንድሜ ሲሳይ ነው፤ እኔ አያ ነበር የምለው። ዕቃው እኔ ዘንድ ሲደርስ አያ በሳንባ ሕመም ከሞተ ሳምንታት አልፈው ነበር።

አያ ላሊበላ ውስጥ መካኒክ ነበር። አንዲት አሮጌ፣ ባለ ሁለት በር የጣሊያን ስፖርት መኪና ነበረችው። ቀይ ናት፤ ታምራለች፤ ዳገት ግን አትችልም። እኛ አገር ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ትንፋሽ ያጥራታል። ቱርቦ አየሩን ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል። አየሩ ሲጨመቅ ይግላል፤ ኢንተርኩለር ደግሞ ያቀዘቅዘዋል። አያ ይህን ገጥሞ እናታችንን ዳገቱን አስወጥቶ ገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሊያደርሳት ቃል ገብቶላት ነበር። እኔም ተዝካሩ ሳይደርስ መኪናዋን አስጨርሼ እናቴን ላደርሳት ነው የሄድኩት። ሌላ ላደርግለት የምችለው ነገር አልነበረኝም።

ጋሸና

ቅጥቅጡ አውቶቡስ ድልብን አልፎ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ። ረዳቱ ኢንተርኩለሩን በእግሩ ነካ አደረገው።

«ይሄ ምንድን ነው ወንድሜ?»

«የመኪና ዕቃ ነው። አየር ያቀዘቅዛል።»

«ጋሸና ብርድ ውስጥ ልንገባ እኮ ነው! የሚያሞቅ ብታመጣልን ምናለ!»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ወደ ኮን የሚሄዱ አንድ አዛውንት ግን ጥቁር ልብሴን አዩ። «ተወው፣ ልጁ ሐዘን ላይ ነው» አሉት። ከዚያ በኋላ ማንም አላናገረኝም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሸና ላይ በሰባት ብር ሽሮ አዝዤ ግማሹን ተውኩት። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ጠጠር ነው። መኪናው በነጠረ ቁጥር ቱርቦውን አቀፍኩት።

ላሊበላ

መኪናዋ ግቢያችን ውስጥ በሸራ ተሸፍና ነበር። አያን ሥራ ያስተማሩት ጋሽ ይመር መጡ። አያ በልኬት ብቻ ቆርጦ የበየዳቸው ቧንቧዎች በቦታቸው ነበሩ። ቱርቦውን አስጠጋነው። ብሎኖቹ ቀዳዳቸውን አልሳቱም። ኢንተርኩለሩም ከፊት ልክ ገባ።

«ዕቃውን እንኳ ሳያየው!» አሉ ጋሽ ይመር። «እጁ ይባ...» ብለው አቋረጡት።

ቀጥለው ሞተሩን በመፍቻ ሊያዞሩት ሞከሩ። አልዞረም። ካንዴላዎቹን ሲፈቱ ዝገት ያቀላው ውሃ ወጣ።

«ዝናብ የለ፣ ምን የለ፤ ይሄ ውሃ ከየት መጣ?»

እናቴ ደጃፍ ቆማ ታየን ነበር። «ጠበል ነው» አለች ደስ ብሏት። «የነአኩቶ ለአብ ጠበል። የነፍስ አባታችን ‹ልጅሽ የዋለበትን ሁሉ ርጪው› አሉኝ። እሱ ከዚህ ሌላ የት ዋለ? አፏን በጨርቅ ደፍኗት አየሁ። ጨርቁን አንስቼ በየሰንበቱ አጠጣኋት።»

አያ ካርቡራተሩን ፈትቶ ነበር። የደፈነው ወደ ሞተሩ ውስጥ የሚያስገባውን የአየር መግቢያ ነው።

ጋሽ ይመር ዝገቱን እንዲያላቅቅ ናፍጣ አፈሰሱበት። በማግሥቱ መፍቻው ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክተው ገፉት። ውስጡ አንድ ነገር ተሰበረ።

«በቃ» አሉኝ በጆሮዬ። «ለዚህች ሞተር መለወጫ አገር ውስጥ አታገኝም።»

«እህሳ?» አለች እናቴ። «መቼ እንሄዳለን?»

ጋሽ ይመር ጎንበስ ብለው ካንዴላዎቹን መሰብሰብ ጀመሩ። ሞተሩን የገደለው ጠበሉ ነው ልላት አልቻልኩም።

«አያ ተሳስቶ ነው እማየ። ይሄ ሞተር ቱርቦ አይችልም። ልኬቱም ልክ አልነበረም።»

ጋሽ ይመር ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ መፍቻዎቻቸውን ለቃቀሙ።

«እኔስ ተው ብየው ነበር» አለች እናቴ። «ሲሳይ መቼ ይሰማል!»

ተዝካሩ ላይ ወሬው ድንኳን ገብቶ ቆየኝ። «ነፍሱን ይማረውና፣ የማያውቀውን ነካክቶ መኪናዋን ገደላት» ይላል አንዱ። «ችኩል ነበር እኮ» ይላል ሌላው። እናቴ እየሰማች ራሷን ነቀነቀች። እኔ ጠላ እየቀዳሁ አለፍኩ።

ወደ ወልድያ

በመጣሁበት መንገድ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ጉዞው ያስተማረኝ ነገር አንድ ነው፤ የሞተ ሰው አይከራከርም። ያሸከሙትን ሁሉ ይሸከማል። እናቴ አሁን ነአኩቶ ለአብ ስትሄድ ስለ መኪናዋ ይቅር እንዲለው እግዚአብሔርን ትለምንለታለች አሉ።

የአያ ልኬት ልክ ነበር። ብሎኖቹ ሲገቡ በዓይኔ አይቻለሁ። እናቴ እስካለች ድረስ ይህን ላሊበላ ውስጥ ለማንም መናገር አልችልም። ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት።