አራት ጭረት በሙላቷ ክንድ ላይ

ሥራነሽ ሮብ ገበያ አጠገብ የምትኖር ገበሬ ነበረች። ባሏ ከአርበኞች ጋር ዱር ስለ ገባ እርሻውንም ልጇንም ብቻዋን ይዛ ቀርታለች። ልጇ ሙላቷ ስድስት ዓመቷ ነው። አፍንጫዋ ሲፈስ፣ ደረቷ ሲያፏጭ ያድራል። እናቷ የጮቄ ተራራ ብርድ ነው ብላ በበግ አጎዛ ትጠቀልላታለች፤ ሲብስባት ሌላ አጎዛ ትደርብላታለች።

ጠበል ወሰደቻት። እዚያ በሰነበቱበት ሰባት ቀን ተሻላት፤ ቤት በገቡ ማግስት ግን እንደገና አፈናት። ሥራነሽ በራሷ ኃጢአት አመካኘች።

ጣሊያን አካባቢውን ማሰስ ሲጀምር መንደርተኛው ቀን ቀን ዋሻ ይውል ጀመር። ሽማግሌው አያ አበረ ሥራነሽን ለብቻዋ ጠርተው፣ የልጅቱ ሳል ሁሉንም እንደሚያስይዝ፣ ሌላ መሸሸጊያ ብትፈልግ እንደሚሻል ነገሯት። ሌላ መሸሸጊያ ግን አልነበረም።

የደረሰላት ገብረ ኪዳን ነው። ከወረራው በፊት ደብረ ማርቆስ የሐኪም ረዳት የነበረ፣ አሁን የአርበኞችን ቁስል የሚያጥብ ሰው ነው። ጠበሉ ጋ ምን ላይ ተኝተው እንደነበር ጠየቃት። ሣር ላይ ነው፤ አጎዛውን ቤት ትታው ነበር። ይህን ሲሰማ መርፌ ቀቅሎ የልጅቱን ክንድ ደም ሳይወጣ አራት ቦታ ጫረ። በአንዱ እብቅ፣ በአንዱ የፍየል ጠጉር፣ በአንዱ የአጎዛው ጠጉር የተዘፈዘፈበትን ውሃ ጠብ አደረገ፤ በአራተኛው ባዶ ውሃ።

«ባዶው ምን ይሠራል፣ አያ ገብረ ኪዳን?»

«መርፌው ራሱ ቢያሳብጣት እንዳልሞኝ ነዋ፣ እታለም።»

ከአጠገቧ ሳይነሣ ጠበቀ። የአጎዛው ጭረት ብቻ ቁንጫ እንደ ነከሰው ቀልቶ አበጠ። ይህ ገና ጥርጣሬ መሆኑን፣ ርግጡ የሚታወቀው አጎዛው ከቤት ሲወጣ መሆኑን ነገራት።

«እኔ በጉን ምን አደረግሁት?» አለች ሙላቷ።

ሥራነሽ አጎዛዎቹን አስወጣች፤ መደቡን ጠርጋ በጋቢ አስተኛቻት። ፉጨቱ ቀን በቀን እየቀነሰ ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት ወታደሮች ከዋሻው በላይ አለፉ። ሥራነሽ የልጇን አፍ ለመያዝ እጇን አዘጋጅታ ነበር፤ ሳሉ ግን አልመጣም። ሙላቷ ጭኗ ላይ ተኝታ በአፍንጫዋ ትተነፍሳለች። ኮቴው ሲርቅ፣ እንደ ዋሻው ሰው ሁሉ ለልጅቱ ሲሉ የበግ ደበሏቸውን ቤት ትተው የመጡት አያ አበረ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣

«እኔን ያራቆተኝ ጣሊያን አይደለም፤ ይቺ ናት» አሉ።

ሥራነሽ እስክታረጅ ድረስ ገብረ ኪዳንን ሳታነሣ ጸሎቷን አትጨርስም ነበር፤ ከእርሱም ቀጥላ ያን ቀን በብርድ የተንቀጠቀጡትን ሁሉ በየስማቸው ትጠራለች።