በሰሜን በኩል የፈለግነው ብርሃን

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን ያደረግነው ነገር፣ አመሻሽ ላይ በርጩማ ይዘን ጓሮ መቀመጥ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጂኦግራፊ ሲያስተምር ኖሮ፣ ዓይኑ ሲጠፋ ትቶታል። በሰሜን ዋልታ ሰማይ ላይ የሚወጣው ባለ ቀለም ብርሃን ሰሞኑን ከወትሮው ርቆ ታየ ሲባል በሬዲዮ ሰምቷል። እኛ ዘንድ እንደማይደርስ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል።

«እስኪ ዓይንሽን አውሺኝ። በሰሜን በኩል ቀላ ያለ ነገር አለ?»

ከተራራው በላይ ሰማዩ በእርግጥ ቀልቶ ነበር።

«ገበሬ ሣር እያቃጠለ ነው» አልሁት።

«አንቺ ሴት፣ ለዛሬ እንኳ ብትዋሺኝ ምን አለበት?» ብሎ ሳቀ።

«ብርዱ ጨረሰኝ፣ ተነሥ እንግባ» አልሁና እጁን ይዤ አስገባሁት።

በማግሥቱ ታመመ፤ ሳምንት አልቆየም።

ቀልቷል፣ አረንጓዴም አለው ብዬው ቢሆን ኖሮ ምን ይጎድልብኝ ነበር? ይህን ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። «ልጄ፣ እውነት መናገር ኃጢአት አይደለም» ብለው አሰናበቱኝ። ኃጢአት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቀኖና ተቀብዬ፣ ጾሜ ሰግጄ እገላገለው ነበር። ለዚህ ግን የሚሰጠኝ ቀኖና የለም።

አሁን ፀሐይ ሳትጠልቅ በሬን ዘግቼ እተኛለሁ።