ሁለተኛው ጭረት

ይህን ለባሌም ለእናቴም ተናግሬው አላውቅም። ስሰግድ እንኳ በአፌ አላወጣሁትም። አላህ ያውቀዋል፤ እኔ ግን አልነገርኩትም። ትምህርቴን ያቆምኩት ከአራተኛ ክፍል ነው፤ ፊደሌ ቢጣመም አትታዘቡኝ። የምትታዘቡኝ በሌላ ነው።

መካነ ሰላም ላይ እኛ የሰፈሩ ሴቶች በማኅበር ሆነን ነጭ ሽንኩርት ወደ ደሴ የምንልከው በሚታጠፍ የእንጨት ሳጥን ነው። ጎኖቹ በማጠፊያ ተያይዘዋል። ሞልቶ ይሄዳል፤ ባዶውን ተጣጥፎ በጭነት መኪና ይመለሳል። ክረምት ጭነት ሲቆም ቤት ወስደን እንዘረጋውና እህል እናስቀምጥበታለን። እንዳይቀላቀል ሁላችንም እንደ ከብት በጋለ ብረት ምልክት እንተኩስበታለን። የእኔ ምልክት አንድ ጭረት ነው፤ የጎረቤቴ የጥሩወርቅ ሁለት። ሳጥን ያጎደለች ሴት ከማኅበሩ ትወጣለች።

አንድ ሰኔ ከእኔ ሳጥኖች አንዱ ወለሉ ረጥቦ ተመለሰ። ያወረደው ጫኝ፣ «ፋጤ፣ ይቺን ፀሐይ ላይ አስጫት፤ መንገድ ላይ የተባይ መድኃኒት ፈሶባታል» አለኝ።

በአመድ ፈተግኩት። ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አዋልኩት። ነጥቶ አዲስ መሰለ፤ ሽታውም ጠፋ። እንጨቱ ሲሞቅ ግን ሽታው ከውስጥ እንደ ትንፋሽ ይመለሳል። እኔ ልጆቼ የሚጠጡትን ውኃ ሁለቴ የማፈላ ሴት ነኝ። ቤቴ ላኑረው? አልችልም። ልሰብረው? አንድ ይጎድለኛል።

በዚያው ሳምንት ለእያንዳንዳችን ምልክት የሌለው አዲስ ሳጥን ተጨመረልን። ጥሩወርቅ ትከሻዋን አሟት ስለነበር፣ «እቱ፣ የእኔንም ተኩሺልኝ» ብላ አዲሱን ሰጠችኝ። አመነችኝ። እኔስ ምን አደረግኩ? በእሷ አዲስ ሳጥን ላይ የእኔን አንድ ጭረት ተኮስኩ። በተመረዘው ሳጥን ላይ፣ ከድሮው ጭረቴ አጠገብ፣ ሁለተኛ ጭረት ጨመርኩ። እኔ ነኝ የጨመርኩት። እጄ ስለቸኮለ ጭረቱ ጥልቅ አልሆነም።

ስሰጣት አሸተተችው። «ምን ምን ይላል ይሄ?»

«የመኪና ነዳጅ ነው፤ ይለቃል» አልኳት።

ሳቀች። «ሌላ ሰው ቢለኝ አላምንም ነበር። አንቺ እንደሆንሽ ዝንብ ያረፈበትን እንኳ ታቃጥያለሽ።»

ሐምሌ ላይ የገብስ ቆሎ አኖረችበት። ልጇ ማሬ አራት ዓመቷ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ገብታ ትቀመጥና ቆሎዋን ትቆረጥማለች። እኔ በአጥሩ በኩል አያታለሁ። ስንት ቀን አየኋት? አልቆጠርኩም። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እል ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጩኸት ሰማሁ። ማሬ አፏ አረፋ ደፍቆ፣ በላብ ተነክራ፣ የዓይኗ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠብቦ ትንቀጠቀጣለች። በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ሲወስዷት አብሬ ሮጥኩ። ሐኪሙ፣ «መርዝ ቤታችሁ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ጥሩወርቅ፣ «ኧረ የለም!» አለች። እኔ የልጅቱን እግር ይዤ ቆሜ ነበር። እግሯ ቀዝቅዟል። ዝም አልኩ።

ማሬ ዳነች። ግራ እጇ ግን እስከ ዛሬ ይንቀጠቀጣል።

ስንመለስ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ጥሩወርቅ ወደ እኔ ዞረች። «ፋጤ፣ አንቺ ሁሌ ደጅ ነሽ። ልጄን ማን አየብኝ?»

ያን ጊዜ «ሳጥኑ ነው» ማለት ነበረብኝ። ምን አልኩ?

«እማማ ደብሬ ጠዋት ጉንጯን ዳብሰው ‹ማር የመሰለች› ሲሏት ሰምቻለሁ።»

ሐሰት አልነበረም፤ ብለዋታል። እማማ ደብሬ ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ በእሳቸው ዓይን ላይ የሚፈረደው ደግሞ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ነው። ይህን እያወቅኩ ነው የተናገርኩት። ያን ቀን ቆሎውን እኔ አውጥቼ ደፋሁት፤ «ዓይን ያረፈበት ነው» ብዬ። አመሰገኑኝ።

ከዚያ በኋላ ከእማማ ደብሬ ገንቦ የሚገዛ ጠፋ። በደጃቸው የሚያልፍ ሰው የልጁን ፊት በነጠላ ይሸፍናል። በጥቅምት ዕቃቸውን በአህያ ጭነው ወደ ደጎሎ ሄዱ።

ሳጥኑ ግን ሥራውን ቀጠለ። ይሄዳል፣ ይመለሳል። በዚያ የሄደውን ሽንኩርት ማን በላው? አላውቅም። ምስጥ የሌሎቹን ሳጥኖች ሲበላ እሱን አይነካም። ዶሮ አትወጣበትም፤ ሸረሪት እንኳ አያደራበትም። ጥሩወርቅ፣ «ብሩክ እንጨት ነው» ትላለች። ሲዘረጋ ማጠፊያው የሚያሰማውን ድምፅ ከሃምሳ ሳጥን መሀል እለየዋለሁ። እንደ ልጅ ጥርስ ይንቀጫቀጫል።

አምና ትንሿን ልጄን ይዤ ደጎሎ ገበያ ወረድኩ። በሸክላው ተራ እማማ ደብሬን አየኋቸው። ልጄ ወደ ገንቦዎቹ ሮጠች። እማማ ደብሬ ፈጥነው ነጠላቸውን ስበው የገዛ ዓይናቸውን ሸፈኑ።

«ልጅሽን ውሰጃት፣ የኔ ልጅ» አሉኝ፣ ማን እንደሆንኩ ሳያዩ። «ዓይኔ ደግ አይደለም።»

ለካ እሳቸውም አምነዋል! ልጄን ጎትቼ ሄድኩ።

ባለፈው ሳምንት ባዶ ሳጥን ስንከፋፈል ጥሩወርቅ አንዱን አንስታ ገፋችልኝ። «እንቺ፣ ያንቺ ነው፤ አንድ ጭረት ነው ያለው» አለችኝ። አየሁት። በችኮላ የተኮስኩት ሁለተኛው ጭረት በዓመታት መፋተግ ጠፍቷል፤ የድሮው የእኔው ብቻ ቀርቷል። ማሬ በሚንቀጠቀጥ እጇ አንደኛውን ጫፍ ይዛ ቤቴ ድረስ አገዘችኝ።

አሁን ከጓዳዬ ጥግ ታጥፎ ቆሟል። አላቃጠልኩትም፤ ጢሱስ ወደ ማን ቤት ይሄዳል? ፀሐይ ጣራውን ስታሞቀው ያ ትንፋሽ ይመጣል። ልጆቼን ደጅ አውዬ ብቻዬን እተነፍሰዋለሁ።

እናት ስለሆንኩ ነው አልልም። ጥሩወርቅም እናት ናት። የሰው ሐቅ በዱዓ ብቻ አይለቅም፤ ባለሐቋ አውፍ ብላ ይቅር ካላለችኝ አላህም ይቅር አይለኝም። ጥሩወርቅ ማንበብ ስለማትችል ይህን ዛሬ እኔው አነብላታለሁ፤ ሳጥኑን መሀላችን አቁሜ። ከማኅበሩ ካስወጡኝ ልውጣ። ከዚያ ደጎሎ እወርዳለሁ። እማማ ደብሬን አውፍ በሉኝ ከማለቴ በፊት የምላቸው አለ፦ «እማማ፣ ነጠላዎን ያውርዱ፤ ልጄን ይዩዋት።»